ዲያግራም የሌለውን ቦርድ በስካነር ማንበብ

ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግን ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ዕቃው ይመጣል፣ ቦርዱ ይወጣል፣ የመስመሮቹን አያያዝ የሚያሳየው ሥዕል፣ ዲያግራሙ ግን የለም። አምራቹ ለሕዝብ አያወጣውም። ኢንተርኔት ላይ የተገኘውም ሲታይ የሌላ ሞዴል ሆኖ ይገኛል። ስታቢላይዘርም ሆነ ኢንቨርተር፣ የስፌት መኪና ሞተርም ሆነ የእንቁላል መፈልፈያ፣ ነገሩ ያው ነው። ያን ጊዜ ምርጫው ሁለት ብቻ ነው። ወይ "አይሠራም" ብሎ ዕቃውን መመለስ፣ ወይ መስመሩን አንድ በአንድ ተከትሎ ዲያግራሙን ራስ መሥራት።

እኔ ሁለተኛውን ነው የምመርጠው። ለዚህ ሥራ ከቴስተር ቀጥሎ በጣም የረዳኝ ደግሞ አሮጌ ጠፍጣፋ ስካነር ነው። ያ ክዳኑን ከፍተን ሰነድ የምናስተኛበት ዓይነት። ቢሮዎች የሚጥሉት፣ ቦታ ያዘ ተብሎ መጋዘን የሚገባው። አሠራሬን ለጓደኞቼ በቃል ሳስረዳ ስለኖርኩ አንድ ጊዜ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ "ስልክ እያለ ለምን ስካነር?" የሚል ነው። ስልክ ጥሩ ነው። ቦርዱን ከቤቱ ሳላወጣው የሽቦዎቹን አገባብ ሁልጊዜ በስልክ አነሳለሁ። መስመር ለመከተል ግን ስልክ ያስቸግራል። ሌንሱ ምስሉን ወደ ጠርዝ ሲሄድ ያጎብጠዋል። እጃችን ትንሽ ካዘነበለ የቦርዱ አንዱ ጎን ከሌላው ሰፍቶ ይወጣል። የፊቱን ፎቶ በጀርባው ፎቶ ላይ ስንደርበው መሃል ላይ ቀዳዳዎቹ ይገጥማሉ፣ ጥግ ላይ ይለያያሉ። ብርሃኑም አንድ ቦታ ያንጸባርቃል፣ ሌላ ቦታ ይጨልማል።

ስካነር ግን የሚያነበው መስመር በመስመር ነው። አንድ ረድፍ ዳሳሽ ከመስተዋቱ ሥር ይጓዛል፣ መብራቱም አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ መስተዋቱ ላይ ተለጥፎ የተኛ ነገር ጥጉም መሃሉም በአንድ ልክ ይወጣል። በ1200 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 1200 ነጥብ ሲነሳ፣ አንድ ፒክስል 0.021 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር። ምስሉ ማየት ብቻ ሳይሆን መለካትም ያስችላል ማለት ነው። የተለመደው የኮኔክተር እግር ርቀት 2.54 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ በ1200 ዲፒአይ ልክ 120 ፒክስል ይሆናል። ባለ 10 እግር ኮኔክተር ካለ ከመጀመሪያው እግር መሃል እስከ መጨረሻው እግር መሃል 1080 ፒክስል ማለት ነው። ስካን ካደረግኩ በኋላ መጀመሪያ የማረጋግጠው ይህንን ነው። ቁጥሩ ከገጠመ ቀሪውን በሙሉ ልብ እለካለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ የትኛው ስካነር? እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም ሥራው የሚቀለውም የሚከብደውም እዚህ ነው።

ስካነሮች በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ሲሲዲ ይባላል። ውስጡ መብራት፣ መስተዋቶችና ሌንስ አሉት። ምስሉ በመስተዋቶቹ ተጣጥፎ በሌንሱ ጠቦ ትንሽ ዳሳሽ ላይ ያርፋል። ለዚህ ሁሉ ቦታ ስለሚያስፈልግ ስካነሩ ወፍራም ነው። አብዛኛውን ጊዜም የራሱ ፓወር አዳፕተር አለው። ሁለተኛው ሲአይኤስ ነው። ዳሳሹ የገጹን ስፋት ያህል ረጅም ሆኖ ከመስተዋቱ ሥር ተጠግቶ ይቀመጣል። መብራቱ ኤልኢዲ ነው። ቀጭን፣ ቀላልና ርካሽ ነው። ብዙዎቹ ከዩኤስቢው ገመድ በሚያገኙት ኃይል ብቻ ይሠራሉ። የካነን ላይድ ስካነሮች ሲአይኤስ ናቸው። የኤፕሰን ፐርፌክሽን ቪ600 ደግሞ ሲሲዲ ነው። ዛሬ በየቢሮው ያሉት ባለ ብዙ አገልግሎት ፕሪንተሮችም በብዛት ሲአይኤስ ናቸው።

ልዩነቱ ለሰነድ ምንም አይደለም። ለቦርድ ግን ትልቅ ነው። ሲአይኤስ አጥርቶ የሚያየው መስተዋቱን የነካውን ብቻ ነው። አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ከፍ ያለው ይደበዝዛል። ቦርድ ደግሞ ጠፍጣፋ አይደለም። የብየዳው ጉብታና የተቆረጡት እግሮች ቦርዱን ከመስተዋቱ ያነሱታል። በዚህ ምክንያት የብየዳው ጫፍ ጥርት ብሎ፣ የምንፈልገው መስመር ግን ደብዝዞ ይወጣል። ሲሲዲ ከመስተዋቱ በላይ ብዙ ሚሊ ሜትር ያህል አጥርቶ ያያል። ስለዚህ ዕቃው ሳይነቀል ቦርድ ለማንሳት ወፍራሙና አሮጌው ስካነር ከአዲሱ ቀጭን ይበልጣል።

በሞዴል ስሙ ብቻ አትተማመኑ፣ ሞክሩት። ማስመሪያ ውሰዱ። አንዱን ጫፍ መስተዋቱ ላይ አሳርፉ፣ ሌላውን ጫፍ ከሥሩ የሆነ ነገር አድርጋችሁ ከፍ አድርጉት። ስካን አድርጉና ቁጥሮቹ እስከ የት እንደሚነበቡ እዩ። ሲአይኤስ ከሆነ ወዲያው ይጠፋሉ። ሲሲዲ ከሆነ ማስመሪያው እየራቀ ሲሄድ እንኳ ለረጅም ርቀት ይነበባል። ሻጩ ፊት በላፕቶፕ መሞከር ይቻላል፣ ደቂቃ አይፈጅም።

አዲስ አበባ ላለ ሰው ያገለገለ ስካነር ለመፈለግ የምመክረው መርካቶ ምናለሽ ተራን ነው። የቢሮ ዕቃ በጨረታ ሲወጣ ደግሞ ስካነሮች ከኮምፒውተሮቹ ጋር ተደባልቀው ይሸጣሉ። ስትገዙ መስተዋቱ የተጫረ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። አዳፕተሩ አብሮ መኖሩንም አረጋግጡ። የሚንቀሳቀሰውን ዳሳሽ የሚያስር መቆለፊያ ያላቸውም አሉ፤ ለጉዞ የተቆለፈው ሳይከፈት ሲበራ ይንጫጫል፣ ተበላሽቷል ተብሎ በርካሽ ይሄዳል። ከሥሩ ወይም ከጎኑ ያለችውን የመቆለፊያ ምልክት እዩ።

የድሮ ስካነር አንድ ጣጣ አለው። አምራቹ ለአዲሱ ዊንዶውስ ድራይቨር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ስካነሩን የሚያዝበትን ፕሮግራም፣ አይሠራለትም። ሊነክስ ላይ ሴን የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር እጅግ ብዙ የድሮ ስካነሮችን ያውቃል። እኔ የምጠቀመው እሱን ነው። ዊንዶውስ ላይ መሥራት የሚፈልግ ቪውስካን አለለት፣ የሚገዛ ነው። ስካነሩን ከመግዛታችሁ በፊት ሞዴሉን ሴን በሚደግፋቸው ዝርዝር ውስጥ ፈልጉት።

የሪዞሉሽን ነገርም ብዙ ሰው ያወናብዳል። ካርቶኑ ላይ 9600 ወይም 19200 ተብሎ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ በሶፍትዌር የተለጠጠው ቁጥር ነው፣ አዲስ ዝርዝር አይጨምርም። የሚጠቅመው ኦፕቲካል የሚባለው፣ ዳሳሹ ራሱ የሚያነበው ነው፤ እሱም ቢሆን በተግባር ከተጻፈው ያንሳል። ለአብዛኛው ሥራ 1200 ዲፒአይ በቂዬ ነው። ቀጭን የሚባል 0.15 ሚሊ ሜትር መስመር በ600 ዲፒአይ ሦስት ተኩል ፒክስል ገደማ ነው፣ በ1200 ሰባት ይሆናል። በሰባት ፒክስል መስመሩ ከጎረቤቱ ተለይቶ በግልጽ ይታያል። ትናንሾቹ ሬዚስተሮች ላይ የተጻፈው 103 ወይም 472 የሚለው ቁጥርም ይነበባል። ወደ 2400 የምወጣው በጣም ጥቅጥቅ ያለ ቦታ ሲያጋጥመኝ ለዚያች ቦታ ብቻ ነው። ሙሉ ኤ4 ገጽ በ1200 ዲፒአይ በቀለም ከ400 ሜጋባይት በላይ ይሆናል። 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቦርድ ብቻ ተቆርጦ ሲወሰድ ግን 67 ሜጋባይት ገደማ ነው። ስለዚህ ሙሉውን መስተዋት አታንሱ፣ ቦርዱን ብቻ ምረጡ።

ፋይሉን በቲፍ ወይም በፒኤንጂ አስቀምጡ። ጄፔግ ቦታ ይቆጥባል፣ ነገር ግን በመስመሮቹ ጠርዝ ላይ ቆሻሻ ይፈጥራል። በኋላ ስናጎላው ያ ቆሻሻ የተቆረጠ መስመር ወይም የተነካካ መስመር መስሎ ይታያል። ስካነሩ በራሱ የሚያደርጋቸውን ማሻሻያዎች ሁሉ አጥፉ። ማጥሪያውን፣ የብርሃን ማስተካከያውን፣ አቧራ ማጥፊያውን። ፊትና ጀርባው በአንድ ዓይነት አቀማመጥ መነሳት አለባቸው። የድሮው ፍሎረሰንት መብራት ያለው ስካነር ከሆነ ደግሞ ከመጀመራችሁ በፊት ጥቂት ደቂቃ ይሙቅ። ሳይሞቅ ከተጀመረ የምስሉ መጀመሪያና መጨረሻ ቀለሙ ይለያያል።

ቦርዱን መስተዋት ላይ ከማስተኛታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አለ። ይሄን በጥብቅ ነው የምናገረው። 220 ቮልት በቀጥታ የሚገባበት ቦርድ ከሆነ ትልቁ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ) ላይ 310 ቮልት ገደማ ሊኖር ይችላል፣ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ይቆያል። ሁለቱን እግሮቹን በመፍቻ አታገናኙ። የድሮውን ባለ ክር አምፖል በሁለት ሽቦ ካፓሲተሩ ላይ አድርጉት፣ ይበላዋል። ከዚያ በቴስተር ለኩ። ዜሮ አካባቢ መሆኑን ሳታዩ እጃችሁንም ስካነሩንም አታስጠጉ።

ከዚያ ጽዳት። ብየዳው እንዲይዝ የሚጨመረው ፍለክስ ሲደርቅ ቡናማ ሆኖ መስመሩን ይሸፍናል፣ መስተዋቱንም ያጣብቃል። ጠንከር ያለ አልኮልና የድሮ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። ቲነር አትጠቀሙ፣ ጽሑፉን ያጠፋል፣ አንዳንዱን ፕላስቲክም ያቀልጣል። ቦርዱ በደንብ ይድረቅ። የተቆረጡት እግሮች ስለታም ስለሆኑ መስተዋቱን ይጭራሉ። እኔ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ለጥራዝ ሽፋን የሚጠቀሙበትን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ከሥሩ አነጥፋለሁ። ሲጫር እቀይረዋለሁ። ክዳኑ ስለማይዘጋ ቦርዱን በጥቁር ጨርቅ እሸፍነዋለሁ። ውጭ ያለው ብርሃን አይገባም፣ ክፍት ቀዳዳዎቹም ጥቁር ሆነው ጎልተው ይወጣሉ። ከጎኑ የብረት ማስመሪያ አስተኛለሁ፣ ከዓመታት በኋላ ፋይሉን የከፈተ ሰው ልኩን እንዲያገኝ።

አሁን በአንድ ሥራ ላሳያችሁ። አንዲት እናት ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት አላቸው። ሁለት አንድ ዓይነት የስፌት መኪናዎች ነበሯቸው፣ ሰርቮ ሞተር ያላቸው። የአንደኛዋ መቆጣጠሪያ ተቃጠለ። መለዋወጫው በከተማው አልተገኘም።

"ልጄ፣ ተስፋ አለው ወይስ ሌላ ልፈልግ?" አሉኝ።

"ቦርዱን ሳላየው ምንም አልልዎትም እትዬ። ግን የደህናዋን መቆጣጠሪያም ለአንድ ቀን ይተዉልኝ" አልኳቸው።

ተዉልኝ። ሥራው የተሳካው በዚህ ነው። የተቃጠለው ቦርድ ባለ ሁለት ፊት ነው፣ መስመር ከላይም ከታችም አለው። የኃይል አቅርቦቱ አካባቢ ከስሏል። ሁለት ሬዚስተሮች ቁጥራቸው አይነበብም፣ ከሥራቸው የነበረው መስመርም ተንኗል። ከደህናው ቦርድ ምንም መንቀል አልፈልግም፣ የሰው እንጀራ ነው። ስለዚህ ከደህናው የብየዳውን ፊት ብቻ በስካነር አነሳሁ። የዕቃውን ፊት በስልክ አነሳሁት፣ ምክንያቱም ካፓሲተሩና ትራንስፎርመሩ ረጃጅም ስለሆኑ ቦርዱ በዚያ በኩል መስተዋት ላይ አይተኛም። ከተቃጠለው ላይ ደግሞ የኃይል አቅርቦቱን ዕቃዎች ነቀልኩ። ትራንስፎርመሩ ሲነሳ ከሥሩ የተደበቁት መስመሮች ተገለጡ። በሶልደር መምጠጫ ሽቦ ጉብታዎቹን ጠረግኩና ሁለቱንም ፊት አነሳሁ።

ዕቃ ከመንቀላችሁ በፊት የምታደርጉትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዕቃዎቹ እያሉ የተነሳውን ምስል በእጥፍ አሳድጋችሁ አትሙ፣ ካርቶን ላይ ለጥፉት። የነቀላችሁትን እያንዳንዱን ዕቃ በቦታው በስኮች ቴፕ ለጥፉት። የዳዮዱ መስመር በየት በኩል እንደነበር፣ የአይሲው (ባለ ብዙ እግሩ ቺፕ) ቁጥር አንድ እግር የት እንደነበር ከዚያ አይጠፋም። አይሲው ላይ ያለው ጽሑፍ ካልታየ ጠመኔ ቀቡና በጣት ጥረጉት፣ ነጩ ፊደሉ ውስጥ ይቀራል።

የተነቀለ ቦርድ ላይ ሲአይኤስም በደንብ ይሠራል። ጉብታ ስለሌለ መዳቡ መስተዋቱ ላይ ተለጥፎ ይተኛል፣ ምስሉም ጥርት ይላል። ስለዚህ ያላችሁ ቀጭኑ ብቻ ከሆነ አትጣሉት። ባዶ ቦርድ በእሱ አንሱ።

ሁለቱን ፊት ማጋጠም ቀጣዩ ሥራ ነው። እኔ ጊምፕ በሚባለው የምስል ማስተካከያ ሶፍትዌር ላይ ነው የምሠራው፣ ነፃ ነው። የዕቃውን ፊት እንዳለ አስቀምጣለሁ። የብየዳውን ፊት በመስተዋት እንደሚታየው ግራና ቀኙን እገለብጠዋለሁ፣ ከላይ ሆኜ በቦርዱ ውስጥ አሳልፌ የማየው እንዲመስል። በተለያዩ ሌየሮች (ንብርብሮች) አድርጌ የላይኛውን ግማሽ በግማሽ አሳላፊ አደርገዋለሁ። ከዚያ በሁለት የሚራራቁ ጥጎች ላይ ያሉ ቀዳዳዎችን እመርጣለሁ። አንደኛው ላይ አግጥሜ፣ ሌላኛው እስኪገጥም አዞራለሁ። መዞር ብቻ እንጂ ማሳደግም ማሳነስም አያስፈልግም፣ ሁለቱም በአንድ ስካነር በአንድ ልክ ነው የተነሱት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። የስካነሩ ልክ በወርዱና በቁመቱ የሚመጣው ከተለያየ ቦታ ነው። ወርዱን የሚወስነው ዳሳሹና ሌንሱ ነው። ቁመቱን የሚወስነው ዳሳሹን የሚጎትተው ሞተርና ቀበቶ ነው። በአሮጌ ስካነር ሁለቱ በጥቂቱ ሊለያዩ ይችላሉ። ስለዚህ ቦርዱን ስትገለብጡ ረጅሙ ጎን በሁለቱም ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሁን። አንዴ በቁመት አንዴ በአግድም ካስተኛችሁት ቀዳዳዎቹ አንድ ጥግ ላይ ገጥመው ሌላ ጥግ ላይ ይሸሻሉ። አቅጣጫው አንድ ከሆነ ግን ስህተት ቢኖርም በሁለቱም ምስል ላይ አንድ ዓይነት ስለሚሆን ደርቦ መግጠሙን አያበላሸውም። ትክክለኛ ልክ ካስፈለገ ከማስመሪያው ጋር በሁለቱም አቅጣጫ ይስተካከላል።

ሲሲዲ ላይ ደግሞ ከፍ ያሉ ዕቃዎች ወደ ጎን ያዘነበሉ መስለው ይወጣሉ። ሌንሱ መሃል ስለሆነ ነው። ልክ ስትወስዱ የዕቃውን አናት ሳይሆን ቦርዱ ላይ ያረፈውን እግሩን ተመልከቱ።

አረንጓዴ ቦርድ ሲሆን ምስሉን ወደ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ለይቶ ማየት ይጠቅማል። በቀዩ አረንጓዴው ቀለም ይጨልምና የብየዳ ነጥቦቹና ነጩ ጽሑፍ ጎልተው ይወጣሉ። በአረንጓዴው ደግሞ ከቀለሙ ሥር ያለው መዳብ ከባዶው ቦታ ይለያል። ሰማያዊ ወይም ጥቁር ቦርድ ከሆነ ሦስቱንም ሞክሩ፣ የተሻለውን ዓይናችሁ ይነግራችኋል። ጭረት ይሁን መስመር የሚያጠራጥር ነገር ካለ ቦርዱን ግማሽ ዙር አዙራችሁ ድገሙት። የስካነር መብራት ብዙ ጊዜ ከአንድ ወገን ስለሚመጣ የጭረቱ ጥላ ቦታ ይቀይራል፣ መስመሩ ግን ባለበት ይቆያል።

ከዚያ በኋላ ያለው መሳል ነው። በአዲስ ሌየር የላይኛውን ፊት መስመር በቀይ፣ የታችኛውን በሰማያዊ እስላለሁ። ኪካድ የሚባለው ነፃ የቦርድ መሥሪያ ሶፍትዌር የሚጠቀምባቸው ቀለሞች ስለሆኑ በኋላ አያደናግርም። ኪካድ ከ2023ቱ ሰባተኛ እትም ጀምሮ ቦርድ የሚሳልበት ገጽ ላይ ምስል ከሥር ማስቀመጥ ይፈቅዳል። ቦርዱን እንደገና ማሠራት ለሚፈልግ በቀጥታ በእሱ ላይ መሳል ይቻላል። ለጥገና ብቻ ከሆነ ግን ጊምፕ ይበቃኛል።

የምጀምረው ሁልጊዜ ከኃይል መስመሮቹ ነው። ግራውንድ የቱ ነው? 5 ቮልቱስ? እነዚህ ከተቀቡ የቦርዱ ግማሽ ቀለለ ማለት ነው። ከዚያ የማውቃቸውን አይሲዎች እፈልጋለሁ። ኤልኤም 324 የሚባለውን ምልክት አጉሊ ካየሁ 4ኛው እግር ፖዘቲቭ፣ 11ኛው ግራውንድ መሆኑን አውቃለሁ። ዩኤልኤን 2003 ካለ 8ኛው ግራውንድ ነው፣ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እሱ በሚያዛቸው ሪሌዎች (በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ማብሪያ ማጥፊያዎች) አቅራቢያ ነው። ምልክትን በብርሃን የሚያሻግረው ፒሲ 817 ካለ እዚያ ጋ ከፍተኛው ቮልቴጅና ዝቅተኛው የሚለያዩበት ድንበር አለ። በዚያ ድንበር ዙሪያ መስመር የሌለበት ሰፊ ባዶ ቦታ ምስሉ ላይ ጎልቶ ይታያል። ከእነዚህ ተነስቼ ወደማላውቀው እሄዳለሁ።

ምስሉ ያሳየኝን እያንዳንዱን መስመር በቴስተር አረጋግጣለሁ። የቴስተሩን ጩኸት ብቻ ግን አትመኑ። ብዙ ቴስተሮች ጥቂት አሥር ኦም ቢሆንም ይጮኻሉ። ኮይል፣ የትራንስፎርመር ጥቅልል፣ አነስተኛ ሬዚስተር፣ ሁሉም መስመር መስለው ይጮኻሉ። ኦሙን አንብቡ። ምስልና ቴስተር ሲስማሙ ብቻ ነው እኔ መስመሩን በደማቁ የምቀባው።

የስፌት መኪናው ቦርድ ላይ ነገሩ እንዲህ ተፈታ። በተቃጠለው ቦርድ ላይ መስመሩ ከትራንስፎርመሩ ሥር ወጥቶ ወደ ከሰለው ቦታ ሲገባ ይታያል፣ ከዚያ ይጠፋል። በደህናው ቦርድ የብየዳ ፊት ላይ ደግሞ ያው ቦታ ሙሉ ነው። ሁለቱን ደርቤ ሳያቸው የጠፋው መስመር አይሲውን ለማስነሳት ከ310 ቮልቱ በሬዚስተር የሚመጣው መሆኑ ታወቀ። የሬዚስተሮቹ ቁጥርም ከደህናው ቦርድ ተነበበ። የከሰለውን ፋይበር፣ ማለትም የቦርዱን ገላ፣ እስከ ንጹሑ ድረስ ፈቅፍቄ አወጣሁት። ከሰል ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ከተተወ እንደገና ያነዳል። ከዚያ መስመሩን በተሸፈነ ቀጭን ሽቦ ተካሁ፣ የተነቀሉትን መለስኩ። መጀመሪያ ያበራሁት ከአምፖል ጋር በተከታታይ አያይዤ ነው፣ ሾርት ካለ አምፖሉ ይበራል እንጂ ቦርዱ አይቃጠልም። አምፖሉ አልበራም። መኪናዋ ዛሬም ትሰፋለች። ደህናው መቆጣጠሪያም በቀኑ ተመልሷል።

ባለ አራት ሌየር ቦርድ ሲመጣ ሌላ ዓለም ነው። ሁለት የመዳብ ሌየሮች መሃል ተደብቀዋል። መጀመሪያ ጠንካራ ባትሪ ከጀርባው አብርታችሁ እዩት። ብዙ ጊዜ መሃሉ ያሉት ሙሉ ግራውንድና ሙሉ የኃይል ገጽ ናቸው። እንዲያ ከሆነ ቦርዱን መፋቅ አያስፈልግም፣ በቴስተር ይወጣሉ። መስመር መሃል ካለ ግን ያለው መንገድ ብዙ ጊዜ በአሸዋ ወረቀት መፋቅ ነው፣ ቦርዱም ይሞታል። ይህን የማደርገው ለማይድን ቦርድ፣ እሱም ዕቃው ሁሉ ከተነቀለና ሁለቱ ፊት ከተነሳ በኋላ ብቻ ነው። የተለመደው ቦርድ ውፍረቱ 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። መዳቡ ግን 35 ማይክሮን ነው፣ መሃል ያለው ከዚያም ሊሳሳ ይችላል። ስለዚህ ፋይበሩ እስኪያልቅ ቆይታችሁ፣ መዳቡ ማብለጭለጭ ሲጀምር እጃችሁን አለዝቡ። ቀድሞ የሚገለጠው አንድ ጥግ ነው። ያንን አንሱ፣ ትንሽ ፋቁ፣ እንደገና አንሱ። እያንዳንዱ ምስል ከፊሉን ይይዛል፣ ስትደርቧቸው ሙሉው ይወጣል። ስካነር ከካሜራ እጅግ የሚበልጥበት ሥራ ቢኖር ይሄ ነው፤ ምስሎቹ ሁሉ በአንድ ልክ ስለሆኑ ለመደረብ አያስቸግሩም።

የፋይበሩ ብናኝ ለሳንባ አይሆንም። በውሃ እያራሳችሁ ፋቁ፣ የአፍንጫ መሸፈኛ አድርጉ፣ ምግብ ከሚበላበት ቦታ ራቁ። ቦርዱንም አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ ነው ወደ ስካነሩ የምትመልሱት። አንዲት የፋይበር ቅንጣት መስተዋት ላይ ከቀረች የሚቀጥለውን ቦርድ ስታሳርፉ ትጭረዋለች።

ፋይሎቹን ስታስቀምጡ በደንበኛ ስም ሳይሆን ቦርዱ ላይ በታተመው ቁጥር ሰይሟቸው። ያ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ከነእትሙ ጠርዝ ላይ ወይም ከትልቁ አይሲ አጠገብ አለ። ጥሬውን ምስል ሳትነኩ ለብቻው፣ የተቀባውን ለብቻው፣ የዕቃዎቹን ዝርዝር ለብቻው አድርጉ። የሳላችሁት ለጥገና ከሆነ ለሌላ ጠጋኝ ማካፈል ሁላችንንም ይጠቅማል። የሰውን ቦርድ አባዝቶ መሸጥ ግን የዲዛይነሩን ላብ መውሰድ ነው፣ እሱ ውስጥ አልገባም። አንድ ዓይነት ቦርድ ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ እትሙን አስተያዩ፤ በአንድ ስም ሆኖ መስመሩ የተቀየረ ብዙ አለ። እትሙ ካልገጠመ ቢያንስ የብየዳውን ፊት እንደገና አንሱና ከድሮው ላይ ደርቡት፣ የተቀየረው ቦታ ራሱ ብቅ ይላል።